የቅጠላ ቅጠል መድኃኒት ቤት ታሪክ፦ ስሙና መጠኑ ሲጠፋ



አንድ ማለዳ ከደካ የመጡ እናት በልጃቸው ተደግፈው ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ገቡ። ከሱብሒ ሰላት በፊት ላብ አጥምቋቸው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ሊወድቁ ሲሉ ልጃቸው ስኳር በጥብጣ አጠጥታቸው ነበር። እኒህ እናት የስኳር ሕመም ኪኒን ይወስዳሉ። ከኪኒኑ ጋር በወረቀት የተጠቀለለ ዱቄት አውጥተው አሳዩኝ።

«ይሄ ምንድን ነው እናቴ?»

«የስኳር ነው ልጄ፤ ስሙን አልነገሩኝም።»

«ስንት ይወስዳሉ?»

«እንደ አቅምሽ ብለውኛል።»

ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋቸው፤ አልሐምዱሊላህ ደህና ሆኑ። የዱቄቱን ምንነት ግን ማንም ሊነግረን አልቻለም። ስኳር የሚቀንስ ከነበረ በኪኒኑ ላይ ተደርቦ ስኳራቸውን ከሚገባው በታች አውርዶት ይሆናል። በጣም ያሳሰበኝ ስምና መጠን የሌለው መድኃኒት መሆኑ ነው። የቅጠላ ቅጠል መድኃኒት ቤት ድሮ እንዲህ አልነበረምና።

ዐጣሩና ሱቁ

በሙስሊሙ ዓለም ቅመምና የመድኃኒት ዕፅ የሚሸጠው ነጋዴ «ዐጣር» ይባላል። በባግዳድ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) የመድኃኒት ሱቆች ነበሩ። ገበያውን የሚቆጣጠረው «ሙሕተሲብ»ም ሚዛኑንና የሚሸጠውን ዕቃ ጥራት ይመረምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1248 ደማስቆ ላይ የሞተው የማላጋው ኢብኑል በይጣር 1400 ያህል መድኃኒቶችንና ምግቦችን በፊደል ተራ መዝግቦ ትቶልናል። አንድ ዕፅ በየአገሩ የተለያየ ስም ስላለው፣ በስም መሳሳት ሰው እንዳይጎዳ ስሞቹን አንድ በአንድ ለመለየት ደክሟል።

ከከፋ ጫካ እስከ ገበያ

በአገራችን ጆርጂያዊው ዶክተር ሜራብ በአዲስ አበባ ዘመናዊ መድኃኒት ቤት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ የብዙኃኑ መድኃኒት ቤት ጓሮውና ገበያው ነበር። ለምች ዳማከሴ፣ ለጉንፋን ጦስኝ፣ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም ከእናቶቻችን እጅ ጠፍቶ አያውቅም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቦንጋ የሲራራ ነጋዴዎች መናኸሪያ ነበረች፤ የከፋ ኮረሪማና ዝባድም በነጋዴዎች ጭነት ሩቅ አገር ይደርስ ነበር።

ችግሩ ከዕውቀቱ አያያዝ ላይ ነው። ዐዋቂው የሚያውቀውን በጽሑፍ ሳያሰፍር ለመረጠው ልጁ ብቻ በምስጢር ያስተላልፋል። ዐዋቂው ሲሞት ቅጠሉ ይቀራል፤ ልኩ ግን አብሮት ይቀበራል።

የኮሶ ትምህርት

መጠን ምን ያህል እንደሚከብድ ኮሶ ያስተምረናል። ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው ትልም፣ ለዚያ የሚጠጣው አበባም በእኛ ዘንድ አንድ ስም ነው ያላቸው። የኮሶ ዝና ከአገር ወጥቶ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥ ገብቷል። አበባው ሲቆይ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሲበዛ ደግሞ ክፉኛ ያስቀምጣል፣ ያስመልሳል፤ ዐይን እስከማጥፋት የደረሰበት ጊዜም አለ። ነፍሰ ጡርን ሊያስወርዳት ይችላል። አሁን በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጡት ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የተሻሉት ልካቸው በመታወቁ ጭምር ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕክምናን ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን አስተምረዋል። ሐዲሡን አቡ ዳውድና ኢብኑ ማጀህ ዘግበውታል። ይህ ኃላፊነት ቅጠል ለሚሸጠውም ሆነ ኪኒን ለምንሸጠው እኩል ይመለከተናል።

ምን እናድርግ?

1. ስሙ ያልተነገረንን ዱቄት አንውሰድ። ሻጩን «ምን ይባላል? ከየትኛው ክፍሉ ነው? ስንት ይወሰዳል?» ብለን እንጠይቅ።

2. የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም ዋርፋሪን የመሰለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምንወስድ ሰዎች ቅጠል ከመጨመራችን በፊት ለሐኪም ወይም ለፋርማሲ ባለሙያ እንንገር። ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ እንኳ በምግብ ልክ ሲሆኑ ጥሩ ናቸው፤ በብዛት ለመድኃኒትነት ሲወሰዱ ግን ከኪኒኑ ጋር ሊጋጩ ይችላሉ።

3. ነፍሰ ጡሮች ኮሶን ፈጽሞ አይውሰዱ፤ ጤና አዳምም ለመድኃኒት ብለው በብዛት አይጠጡ።

4. የባህል መድኃኒት የሚያውቁ ወላጆች ካሉን ስሙን፣ ልኩንና ጉዳቱን ጠይቀን እንጻፍ።

ከደካ የመጡት እናት በሌላ ቀን ተመልሰው፣ «ልጄ፣ ከእንግዲህ ስሙን ሳልጠይቅ አልቀበልም» አሉኝ። እኛም እንደሳቸው እንጠይቅ። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፤ የታመሙትንም ሺፋ ያድርግላቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።