አጠውልግ ከጓሮ ወደ ጓሮ

የእንሰት አጠውልግ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ከመሀል ነው የሚጀምረው። ገና ያልተዘረጋው ቅጠል ይገረጣል፣ ጫፉ ይታጠፋል፣ ቀጥሎ ሌሎቹ ይከተሉታል። ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ያዣል። በሀዲያዋ ጊምቢቹ ከተማ ዙሪያም ሆነ በቀሩት የሀዲያና የከምባታ ቀበሌዎች ይህን ምልክት የማይፈራ እንሰት ተካይ የለም፤ የታመመ እንሰት አብዛኛውን ጊዜ አይድንም፣ የሚያድነው መድኃኒትም እስካሁን አልተገኘም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ምልክቱን ጣሊያናዊው ካስቴላኒ እ.ኤ.አ. በ1939 ጽፎታል። መንስኤው ባክቴሪያ መሆኑን ያሳወቁት ደግሞ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1968። ከዚያ ወዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል። ወደ 20 ሚሊዮን ሕዝብ በቆጮ፣ በቡላና በአሚቾ የሚኖርበት ተክል ግን ዛሬም በዚሁ ደዌ ይረግፋል።

እንሰት ብዙ ጊዜ ከዘር አይበዛም። አሚቾው፣ ማለትም ሥረ ግንዱ፣ ተቆርጦ፣ እምብርቱ ወጥቶ፣ አፈር ውስጥ ይቀበራል፤ እንደ ዝርያው ከ40 በላይ፣ አንዳንዴ እስከ 200 ችግኝ ይሰጣል። እጅግ ለጋስ ተክል ነው። አደጋውም ከዚሁ ልግስና ይመጣል። ልጆቹ ሁሉ የእናታቸው ቅጂ ስለሆኑ እናት ያልተቋቋመችውን በሽታ እነሱም አይቋቋሙትም። እናቲቱ ምልክት ሳታሳይ ታማ ከሆነ ደግሞ ችግኙን በስጦታ ወይም ከገበያ የወሰደ ሁሉ በሽታውን ይዞ ቤቱ ይገባል።

ዋናው ተሸካሚ ግን ቢላ ነው። ቅጠል ለመቁረጥም ሆነ እንሰት ለመንቀል በታመመው ላይ ያለፈ ስለት ሳይጸዳ ጤነኛው ላይ ካረፈ በቂ ነው። ጃርትና ፍልፈልም ተጠርጣሪዎች ናቸው፤ የታመመ ቅጠል የበላ ከብትም እንዲሁ።

ይኸው ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ2001 ኡጋንዳ ሙዝ ላይ ታየ፤ ኮንጎን፣ ሩዋንዳን፣ ታንዛኒያን፣ ኬንያንና ብሩንዲንም አዳረሰ። እዚያ ብዙውን ያዛመተው የሙዝ አበባ ላይ የሚያርፍ ነፍሳት ነው፤ ገበሬዎች የወንዴውን አበባ በባላ እንጨት እየሰበሩ መንገዱን ዘጉበት። እንሰት ግን ብዙውን ጊዜ ሳያብብ ስለሚነቀል እኛ ዘንድ የሚዘጋው መንገድ የሰው እጅ ነው። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ይመስለኛል። ነፍሳትን ማዘዝ አይቻልም፤ ቢላን በእሳት መለብለብ ግን ይቻላል።

የከብቱ ጉዳይ የበለጠ ያሳስበኛል። እንሰት ያለ ፍግ አይለማም፣ ፍግ ያለ ላም የለም፣ ላሚቱ ደግሞ በበጋ ሣር ሲጠፋ በእንሰት ቅጠል ትሰነብታለች። ግጦሽ በጠበበ ቁጥር ላም ያንሳል፣ ፍግ ያንሳል፣ ጓሮው ይሳሳል። በዚህ ላይ በሽታው ሲጨመር ቤተሰቡ ቦታውን ለበቆሎ ወይም ለባሕር ዛፍ ይለቃል። መልሶ ልትከል ቢልም እንሰት ለምግብ የሚደርሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ በደጋ ደግሞ ይብሳል። እስከዚያ የሚበላው ከየት ይምጣ? የሳሳ ጓሮ በቀላሉ የማያገግመው ለዚህ ነው።

የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ከ600 በላይ የእንሰት ዓይነቶችን ሰብስቦ ይዟል፤ እንደ ማዚያ ያሉ በሽታውን ሻል ብለው የሚቋቋሙ ዝርያዎችም ታውቀዋል። ይህ ሀብት ግን ጓሮ ካልደረሰ አይጠቅምም። ቢደርስም አንድ ቤት ብቻውን የትም አያደርሰውም፤ አባወራው የታመመውን ነቅሎ ቢቀብር፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤት ካልነቀለ በሽታው ይመለስበታል። የግብርና ባለሙያ ምክር በየቤቱ በተናጠል ሲሰጥ የሚባክነው በዚህ ምክንያት ነው። ሥራው በመንደር መያዝ አለበት። ደቦ ለእርሻና ለቤት ሥራ እንደሚወጣ ሁሉ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ መንደሩ በሙሉ የታመመውን ነቅሎ ይቅበር፤ ቢላውን ይለብልብ፤ ከብቱን ከጓሮው ያርቅ። እንሰት የሚፍቁት፣ ዝርያውን በስም የሚለዩት ሴቶች በዚህ ዘመቻ ከፊት ይሁኑ፤ ስለቱ በእነሱም እጅ ነውና። ወረዳውም ንጹሕ ችግኝ የሚፈላበት፣ የታመመ ቅጠል የማይገባበት የራሱ መደብ ያዘጋጅ፤ ችግኝ ፈላጊም ገበያ ከመውጣቱ በፊት ወደዚያ ይሂድ።