ስለ መንገድ ካርታ ጥቅም

አገሩን የማያውቅ መንገደኛ በመሪ ይሄዳል፤ አገሩን ያወቀ ግን መሪው ቢለየው እንኳ አይጠፋም። በዛሬው ዘመን ለአውቶሞቢል ነጂ መሪ የሆነለት በእጁ የያዘው ስልክ ነው። ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩ ሳተላይቶች ምልክት ይልካሉ፤ ስልኩም ቢያንስ ከ4ቱ የተቀበለውን አመሳክሮ ያለበትን ስፍራ ይለያል። ይህ ታላቅ ጥበብ ስለ ሆነ ጥቅሙን አናቃልልም። ነገር ግን የወረቀት ካርታ ከእንግዲህ አያስፈልግም ተብሎ በሣጥን ውስጥ መጣሉ የማይገባ መሆኑን ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ልናስታውስ ወደድን።

ለምሳሌ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ እንመልከት። ስልኩ ለነጂው የሚያሳየው በፊቱ ያለውን መንገድና የሚታጠፍበትን ስፍራ ነው። ካርታውን በጭኑ ላይ የዘረጋ ልጅ ግን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ከተማ ሲደርስ ከከተማው በስተምሥራቅ የሐይቅን ባሕር ያገኛል። ከዚያም በስተደቡብ ምሥራቅ ብዙ መንገደኛ ሳያውቀው የሚያልፈውን የሐርዲቦን ባሕር ያያል፤ የሐርዲቦም ውሃ ወደ ሐይቅ እንደሚወርድ ይረዳል። ውጫሌም ሲደርስ በስተምዕራብ የአምባሰልን ተራሮችና መስቀለኛውን የግሸን አምባ ይለያል። ስልክ መንገድን ያሳያል፤ ካርታ አገርን ያሳያል ማለታችን ስለዚህ ነው።

ደግሞም የሳተላይቱ ምልክት ያለ ስልክ መሥመር ቢደርስም፤ የአገሩ ሥዕል አስቀድሞ በስልኩ ውስጥ ካልተቀመጠ ነጂው በባዶ ሰሌዳ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ያያል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደረሰባቸው በእነዚሁ የወሎ አገሮች ስልክና መብራት ተቋርጦ እንደ ነበር አይረሳም። ወረቀት ግን መሥመርም መብራትም አይጠይቅም።

ይሁን እንጂ ካርታ ሁሉ አይታመንም፤ ማን እንደ ሠራውና መቼ እንደ ተሠራ መመርመር ይገባል። ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በ1683 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የኢትዮጵያ ካርታ ከቀደሙት የተሻለ የሆነው፤ የመካነ ሥላሴ ሰው ከነበሩት ከአባ ጎርጎርዮስ ስለ አገሩ ጠይቆ ስለ ተረዳ ነው። በአንጻሩ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ በተፈረመው ውል የ17ኛው ክፍል የአማርኛውና የጣልያንኛው ቃል ስላልተስማማ፤ በአውሮፓ የታተሙ ካርታዎች ነጻይቱን አገር የጣልያን ጥገኛ አድርገው አሳዩ። ያን ካርታ ያረመው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተገኘው ድል ነው። የጣልያን የቱሪስቶች ማኅበር በ1938 እ.ኤ.አ. በሚላኖ ያሳተመው የምሥራቅ አፍሪቃ የመንገድ መጽሐፍም የአገራችንን መንገዶች በኪሎ ሜትር እየለካ ይዘረዝራል፤ የጻፈው ግን የወራሪውን ግዛት ለወራሪው ሊያስጎበኝ ነው።

የዘመንም ነገር እንዲሁ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ በደሴት ላይ ነበረ፤ ዛሬ ግን ስፍራው ከየብስ ጋር ተያይዟል። ስለዚህ የጥንቱ ካርታ ለታሪክ፤ አዲሱ ለመንገድ ይጠቅማል።

ካርታ ማንበብን ለልጆች ማስተማር አስቸጋሪ አይደለም። የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ካዘጋጃቸው ካርታዎች በ1 ለ50,000 መጠን የተሠራውን ዘርግቶ፤ ክር በመንገዱ ጠማማ ላይ አስኪዶ ርዝመቱን በማስመሪያ መለካት ነው። በዚህ መጠን 1 ሳንቲ ሜትር 500 ሜትር ስለሚሆን፤ ከደሴ እስከ ሐይቅ ያለው መንገድ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ክር ይፈጃል። በ1 ለ2,000,000 በተሠራው ካርታ ላይ ግን 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ልጁም ይህን ሲያይ መጠን ማለት ምን እንደ ሆነ ያለ ብዙ ቃል ይገባዋል።

ከዚህም በላይ ወላጆች በካርታው ያልተጻፈውን የወንዙንና የጎጡን ስም ከሽማግሌዎች ጠይቀው በእርሳስ ቢጽፉበት፤ ለልጆቻቸው ከገንዘብ የሚበልጥ ርስት ያወርሳሉ። የአገሩን ስም ራሱ ያልጻፈ ሰው ሌላው የጻፈለትን ሊያነብ ግድ ይሆንበታልና፤ የውጫሌ ነገር ያስተማረን ይህንኑ ነው።