ታብሌት ልግዛ ወይስ ላፕቶፔን ላሳክመው?

ጌዴኦ ላይ ቤተሰብ እጅ ብር የሚገባው በቡና ለቀማ ሰሞን ነው። ላፕቶፑ ያረጀበት የዲላ ተማሪም «ታብሌት ግዙልኝ» የሚለው ያኔ ነው። ወጪው ደሞ ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ100 አልፏል።

ለማንበብ፣ ለቴሌግራምና ለቪዲዮ ከሆነ ታብሌት ያዋጣል። መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ ይሞላል፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ግን ሴቭ ያላደረጋችሁትን ጽሑፍ ይዞ ድርግም ነው። ስትገዙ ሲም የሚቀበለውን ምረጡ። ዋይፋይ ብቻ የሆነውን ረከሰ ብላችሁ ከወሰዳችሁ ሆትስፖት ስትለምኑ ትኖራላችሁ። ራሙ ከ4 ጊጋባይት፣ ማከማቻው ከ64 አይነስ። ኪቦርድ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚገዛው፤ ሒሳብ ውስጥ ክተቱት።

ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጠብቃችሁ ከሆነ ግን ቆም በሉ። ኤስፒኤስኤስም ሆነ ስታታ አንድሮይድ ላይ አይጫንም (ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይሄን አይረሳም)። ላፕቶፑን የሚያንቀረፍፈው ብዙ ጊዜ የሚሽከረከረው የድሮው ሃርድ ዲስክ ነው። እሱን በኤስኤስዲ ማስቀየር አዲስ ታብሌት ከመግዛት ይረክሳል፣ ማሽኑም ነፍስ ይዘራል። ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ፣ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ስላቆመ፣ ከሰው ፍላሽ ተጠንቀቁ።

ጠጋኝ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ደሞ ፋይላችሁን ገልብጡ።