ጨፋን ማን ይቁጠረው? የሕዝብ ጤና ማስተርስ፣ ተረቱና እውነታው

ከሚሴ ወይም ጨፋ ሮቢት ላይ አንድ ጤና መኮንን ወይም ነርስ «ኤምፒኤች ልማር ነው» ካለ የሚሰማው አስተያየት ብዙ ጊዜ ከሁለት አይወጣም። አንዱ «ተገላገልክ፣ አዲስ አበባ ኤንጂኦ ትገባለህ» ይለዋል። ሌላው «ዶክተር ካልሆንክ ምን ልታክምበት ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ምርቃቱም ትችቱም የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው፤ የሕዝብ ጤና ማስተርስ ሰውን ከታካሚውና ከወረዳው የሚያርቅ ወረቀት ነው ከሚል እምነት። በእኔ ግምት ነገሩ ተገልብጦ ነው የሚወራው። ትምህርቱ ፍሬ የሚያፈራው ተማሪው የራሱን አካባቢ ጥያቄ ይዞ ሲገባ ነው። ጥያቄ ሳይዝ የገባ፣ እውነት ለመናገር፣ ወረቀቱን ብቻ ይዞ ይወጣል።

«ምን ልታክምበት ነው?» ለሚለው አገራችን ራሷ መልስ ሰጥታበታለች (ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከጨረሰ በኋላ ነው በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንንን፣ የማኅበረሰብ ነርስንና ሳኒታሪያንን አንድ ላይ ማሠልጠን የጀመረው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ ወባ ወደ ደጋው ሳይቀር ወጥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150 ሺህ ያህሉን እንደገደለ ተገምቷል። ያንን ሁሉ ሕዝብ አስተኝቶ የሚያክም ሐኪም ቢኖር እንኳ (ከየት ይመጣል?) ወረርሽኙ አይቆምም ነበር። ዝናቡን፣ ሙቀቱንና ከፍታውን ከትንኟ ጋር አገናኝቶ የትኛው ቀበሌ ቀድሞ ይረጭ የሚለውን የሚወስን ሰው ያስፈልግ ነበር። የወባ ማጥፊያው መሥሪያ ቤትም በማግሥቱ ዓመት ተቋቋመ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ማስተርስ ማስተማር የጀመረው ደግሞ በ1984 ነው፤ ወሎ በረሃብ ስታልቅ በነበረበት ዓመት። ዛሬ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሥር ያለችው ባቲ ያኔ ትልቅ የመጠለያ ጣቢያ ነበረባት። እንዲህ ባለ ጣቢያ ረሃብ ያዳከመውን ሰው የሚጨርሱት ኩፍኝና ተቅማጥ ናቸው። ግሉኮስ ከሚሰቅለው ባለሙያ ጎን፣ ለአንድ ሰው ስንት ሊትር ውኃ ይደርሳል፣ አንድ ሽንት ቤት ለስንት ሰው ነው፣ የኩፍኝ ክትባቱ ከየትኛው ዕድሜ ይጀመር ብሎ የሚያሰላ ሰው ካልቆመ የተለቀቀው አልጋ በዚያው ቀን መልሶ ይሞላል።

አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ የአገራችን ሕፃናት በ2000 ከሺህ 166 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 67 ወርደዋል። በመካከሉ፣ በ2003፣ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሯል፤ አጎበር ተሠራጭቷል፣ ክትባት ሰፍቷል። «መንገዱስ? የሴቶቹ መማርስ? ለምን ሁሉንም ለጤና ባለሙያ ትሰጣላችሁ?» የሚል ካለ ልክ ነው፣ አይሰጥም። ግን ከመንገዱ፣ ከትምህርቱና ከክትባቱ የትኛው ምን ያህል ሕይወት እንዳተረፈ ለይቶ መናገር ራሱ ሙያ ነው። ኤፒዲሚዮሎጂ የሚባለው ኮርስ በዋናነት የሚያስተምረው ይህን መለየት ነው።

ወደ ጨፋ እንምጣ። በ2007 ቆጠራ ጨፋ የሚገኝበት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሕዝብ 457 ሺህ ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አገራዊ ቆጠራ አልተካሄደም። ስለዚህ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ዓመታዊ ዕቅዱን የሚሠራው ያን አሮጌ አሃዝ በዕድገት ምጣኔ እያሳደገ ነው። ቀጥሎ ከጠቅላላው ሕዝብ ይህን ያህሉ ከአንድ ዓመት በታች ነው፣ ይህን ያህሉ ነፍሰ ጡር ነው በሚል ማባዣ ይከፋፍለዋል። ደጋ ላይ፣ ሰው ከቀዬው በማይነቃነቅበት ቀበሌ፣ ይህ አሠራር ብዙ ላያስት ይችላል። ጨፋ ግን የቦርከና ወንዝ ውኃ የሚተኛበት ረግረግ ነው፤ በጋ ሲጠና ከአፋርም ከአጎራባች ቆላም አርብቶ አደሩ ከብቱን እየነዳ ሣር ፍለጋ ይገባል። በ2002፣ ክፉ ድርቅ በነበረበት ዓመት፣ አንድ የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት ሸለቆውን የ50 ሺህ አርብቶ አደሮችና የ200 ሺህ እንስሳት መጠጊያ ብሎት ነበር። ከመቶው ሦስቱ ሕፃናት ናቸው ብለን ብናሰላ፣ በዞኑ ዕቅድ ላይ ያልተጻፉ 1,500 ሕፃናት ማለት ነው።

እነዚህ ሕፃናት ጤና ኬላ መጥተው ቢከተቡ የት ይጻፋሉ? የወሰዱት ክትባት ከላይ፣ በተከተቡት ቁጥር ውስጥ ይገባል፤ እነሱ ራሳቸው ግን ከታች፣ መከተብ ከሚገባቸው ቁጥር (ከአካፋዩ) ውስጥ የሉም። የቀበሌው ሽፋን ከመቶ በላይ ይሆንና ሪፖርቱ ያማረ ይመስላል። ወደ አፋር ሲመለሱ ደግሞ እዚያ ባለው መዝገብ ያቋረጡ ተብለው ይቀመጣሉ። ካልተከተቡ ግን የባሰ ነው፤ ጨፋ ላይ ጎድለው አይታዩም፣ ምክንያቱም መጀመሪያውኑ አልተጠበቁም። ሽፋኑ ሞላ ተብሎ በተዘጋ ቀበሌ ኩፍኝ ሲነሳ ብዙዎች የሚወቅሱት የክትባቱን ማቀዝቀዣ ነው። ፍሪጁ ሊበላሽ ይችላል፣ ግን አካፋዩ የተሳሳተ ቁጥር መሆኑን ቀድሞ መጠርጠር ያለበት ሰው አለ። እንዲህ ያለው ስህተት የጨፋ ብቻ አይደለም። የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቤት ለቤት ዞሮ ሲጠይቅ፣ መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የወሰዱት ሕፃናት ከመቶ 39 ብቻ ሆነው ነው የተገኙት። ከየወረዳው ሲወጣ የኖረው ሪፖርት ግን ይህን አይመስልም ነበር።

ወደ ትምህርቱ ስንመለስ፣ «ቀላል ትምህርት ነው፣ ከሕክምና የሸሸ የሚማረው ነው» የሚለውን ብዙም አልከራከርበትም፤ ባዮስታቲስቲክስ የወሰደ ሰው ይመልስላችሁ። «ማስተርሱን ሲይዝ ከፍ ያለ ሐኪም ይሆናል» የሚለውም ስህተት ነው፤ ነርስ ገብቶ የተመረቀ በማከም ፈቃዱ ነርስ ነው፣ ጤና መኮንኑም ጤና መኮንን። ጊዜ ልሰጠው የምፈልገው ለሦስተኛው ትችት ነው፤ ብዙ እውነት አለበትና። «ቴሲስ ማለት የ422 ሰው መጠይቅ ሞልቶ መመረቅ ነው» ይባላል። ቁጥሩ የመጣው ከቀመር ነው፦ የችግሩ መጠን ካልታወቀ 50 በመቶ ተብሎ ይያዛል፣ ለስህተት 5 በመቶ ይፈቀዳል፣ 384 ይወጣል፤ ላይመልሱ ለሚችሉት አሥር በመቶ ሲጨመርበት 422 ወይም 423። የጥናቱ ርዕስም የታወቀ ነው፦ የአንድ ችግር ስፋትና ተያያዥ ምክንያቶቹ። አንድ ጊዜ ተሄዶ የተጠየቀ ጥናት ግን ምን ከምን እንደቀደመ መለየት ይቸግረዋል፤ «ተያያዥ» የሚለው ቃልም የተመረጠው ለዚሁ ነው። ብዙ ተመራቂ ይህን እያወቀ መደምደሚያው ላይ «ምክንያት ነው» ብሎ ይጽፋል።

ቀመሩ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ጥያቄው ሳይመረጥ ቀመሩ መመረጡ ላይ ነው። ጨፋ ላይ 422 እናቶችን በሐምሌ የጠየቀ ተማሪና በየካቲት የጠየቀው የሚያገኙት ሁለት የተለያየ ሕዝብ ነው። የናሙና ዝርዝሩን ከቀበሌ መዝገብ ከወሰደማ በየካቲትም ቢሄድ መጤዎቹን አያገኛቸውም። ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው ይህ የመምረጥ ስህተት ስም አለው፣ ፈተና ላይም ይመጣል፤ ቴሲስ ላይ ሲደርስ ግን ይረሳል።

«እሺ፣ ይህን ሁሉ ተምሮ ቢመለስ ወረዳው ምን ያደርግለታል? ሪፖርት ጻፍ ብሎ ያስቀምጠዋል» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። ዲግሪው ሥልጣን አያጎናጽፍም፣ በጀትም የለውም፤ ብዙዎች ወደ ድርጅት የሚሄዱት ስለሚሰለቹና ኑሮ ስለሚከብድ ነው፣ በዚህ ማንንም አልወቅስም። ሆኖም ያ የሪፖርት ጠረጴዛ የተናቀውን ያህል ባዶ አይደለም። አካፋዩን የሚያርም፣ ለመጤዎች የተለየ መዝገብ የሚከፍት፣ ከአጎራባቹ ወረዳ ጋር ስልክ የሚደዋወል ሰው መቀመጥ ያለበት እዚያው ነው። በ2009 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ማስተርስ የተነሳው ከዚሁ ሐሳብ ነው፤ ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ከክፍል ውጭ፣ ወረርሽኝ ሲያጣራና የቅኝት መረጃ ሲመረምር ነው። መቀመጫዬ ወረዳ ነው ለሚል ሰው ከሁሉም የሚቀርበው ይህ ዘርፍ ይመስለኛል። ወረርሽኝ የማይማርከው ደግሞ የአካባቢ ጤና አለለት፦ ኮምቦልቻ ላይ ለዮሌና ወርቃ የሚባሉት ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ ተቀብለው ቦርከና ይገባሉ፣ ቦርከና ደግሞ ጨፋ ላይ ከብትም ሰብልም ያጠጣል። ውኃው ላይ ያለውን የለኩ ጥናቶች አሉ። ጠጪው ላይ ያለውን መለካት ደግሞ ለዚሁ ዞን ልጅ የሚሆን ሥራ ነው።

ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚነሳ ሰው ከናሙና ቁጥሩ በፊት ሁለት ነገር ፕሮፖዛሉ ላይ ቢጽፍ ጥሩ ነው። አንደኛው መስክ የሚወጣበት ወር ነው፤ ሣሩ የት እንዳለና እንግዳው መቼ እንደሚገባ ከአካባቢው ሽማግሌዎችና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጠይቆ። ሁለተኛው መጠይቁ የሚነበብበት ቋንቋ ነው። ልማዱ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተርጉሞ፣ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ማመሳከር ነው። የዞኑ የሥራ ቋንቋ ግን አፋን ኦሮሞ ነው፣ በበጋ የሚገቡት ብዙዎቹ የሚናገሩት አፋርኛ ነው። በአማርኛ ብቻ ታትሞ መስክ ላይ ጠያቂው በቃሉ እየተረጎመ የሚያነበው መጠይቅ በየጠያቂው የተለያየ ጥያቄ ይሆናል፤ ፈታኞች ዲፌንስ ላይ መጀመሪያ ሊጠይቁት የሚገባው ይህንኑ ነው።