ለረጅም ጉዞ የትኛውን መለዋወጫ እንያዝ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሞተር ብስክሌት ከአዲስ አበባ ተነሥተን በሻሸመኔና በወላይታ ሶዶ በኩል ወደ አርባ ምንጭ ስንጓዝ ሻንጣችን በመለዋወጫ የተሞላ ነበር፤ ሙሉ ሰንሰለት፣ የፍሬን ሸራ፣ ፒስተን ሳይቀር ይዘን ነበር። ሶዶን አልፈን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግን ከመሪው እጀታ ወደ ሞተሩ የሚሄደው የነዳጅ መስጫ ገመድ ተበጠሰ። ክብደቱ ከመቶ ግራም እምብዛም የማይበልጠው ይህ ገመድ በሻንጣችን ውስጥ አልነበረም፤ ሌሊቱንም በመንገድ ዳር አሳለፍን። ስሕተታችን የስሌት ነበር።

ለመሆኑ አንድ መለዋወጫ ሊያዝ የሚገባው መቼ ነው? ሦስት መጠኖችን እንመልከት፤ ዕቃው በጉዞው ላይ የመበላሸት ዕድሉን፣ ቢበላሽ የሚያባክነውን ጊዜ፣ እንዲሁም የመለዋወጫውን ክብደት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አባዝተን ለሦስተኛው ስናካፍል፣ የምንሸከመው እያንዳንዱ ኪሎ ግራም በአማካይ ስንት ሰዓት እንደሚያድንልን እናገኛለን።

ለምሳሌ ያህል ቁጥሮችን እንገምት። የጎማው ካላማዳሪ የመቀደድ ዕድሉ 20 በመቶ፣ የሚያባክነው ጊዜ 5 ሰዓት፣ ክብደቱም 1 ኪሎ ግራም ቢሆን ውጤቱ 1 ነው። የነዳጅ መስጫው ገመድ 3 በመቶ፣ 20 ሰዓትና 0.1 ኪሎ ግራም ቢሆን ውጤቱ 6 ይሆናል። ፒስተን ደግሞ 0.1 በመቶ፣ 50 ሰዓትና 0.5 ኪሎ ግራም ቢሆን ውጤቱ 0.1 ብቻ ነው፤ በመንገድ ዳር መግጠሙም እጅግ አዳጋች ነው። እኛ የያዝነው የምንፈራውን ዕቃ እንጂ የሚያስፈልገንን አልነበረም።

ዕድሉን ለመገመት ፊዚክስ ይረዳናል። ገመዱ ከቀጫጭን የብረት ክሮች የተገመደ ሲሆን እጀታው በተጠመዘዘ ቁጥር ጫፉ ላይ ይተጣጠፋል። አንዱ መተጣጠፍ ብረቱን ለመበጠስ ባይበቃም፣ በሺህ የሚቆጠር ድግግሞሽ ጥቃቅን ስንጥቆችን ያሳድጋል፤ ይህም የብረት ድካም ይባላል። ክሮቹ የሚበጠሱት አንድ በአንድ ስለሆነ ከጉዞ በፊት ጫፉን መመርመር ይገባል። አዲስ ዕቃም የአሠራር ጉድለት ሊኖርበት ስለሚችል፣ አዲሱን ገጥሞ ለጥቂት ቀናት መፈተንና ደኅና የሆነውን አሮጌውን በመለዋወጫነት መያዝ ይመረጣል።

ሰንሰለትም የሚበጠሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀለበቱ ላይ ነው፤ ያላለቀ ሰንሰለት ላለው ተጓዥ ጥቂት ግራም የሚመዝን የማያያዣ ቀለበት ይበቃዋል። የተቃጠለን ፊውዝ በወፍራም ሽቦ መተካት ግን አደገኛ ነው። ኮረንቱ እጥፍ ሲሆን በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ጉዳቱ ከርካሹ ፊውዝ ወደ ሽቦዎቹ ሁሉ ይዛወራል።

በመጨረሻም መለዋወጫ ያለ መሣሪያው ከንቱ ነው። ካላማዳሪ ይዞ የጎማ መፈልቀቂያና መንፊያ የረሳ ሰው ትርፉ ሸክም ብቻ ነው።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ሦስቱን መጠኖች በወረቀት ላይ እናሰፍራለን፤ ሻንጣችንም ቀልሏል። ውድ አንባቢያን፣ ነገ ለቤተ ሙከራ መሣሪያ መለዋወጫ ስትመርጡም ይኸው ስሌት ያገለግላችኋል።