በሰማይ የበረሩትን በምድር የሚጠብቁ እጆች

መተማ ሲባል በኢትዮጵያዊ ኅሊና አስቀድሞ የሚመጣው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ አገራቸው ደማቸውን ያፈሰሱበት የጦር ሜዳ ነው። ከተማይቱም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ነገር ግን ይህ የሱዳን አዋሳኝ ቆላ ከ52 ዓመት በኋላ ሌላ ጦርነት ማየቱን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ያ ሁለተኛው ጦርነት በምድር ብቻ ሳይሆን በሰማይም ተደርጓል።

ዕለቱ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የመድኃኔ ዓለም በዓል ነበረ። በኋላ በታላቅ አዝማችነቱ ስሙ የገነነው ዊልያም ስሊም የሚመራው የእንግሊዝና የሕንድ ጦር ከሱዳን በኩል ጎህ ሲቀድ በገላባት ላይ ወረደ። ገላባትና መተማ አንድ ደረቅ ወንዝ ብቻ የሚለያቸው ጎረቤታሞች ናቸው። ገላባት በጥዋቱ ተያዘች፤ መተማ ግን በኢጣልያኖች እጅ እንዳለች ቀረች። ታንኮቹ በቋጥኙ ላይ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ ቆሙ። በሰማይም ግላዲያተር የተባሉት የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ አውሮፕላኖች ፊያት ሲ.አር. 42 ከተባሉት የኢጣልያ አውሮፕላኖች ጋር ገጠሙ። የሁለቱም ወገን አውሮፕላኖች አንዱ ክንፍ በሌላው ላይ የተደረበባቸው፣ አካላቸውም በአብዛኛው በሸራ የተለበጠ ነበር። በዚያ ቀን በሰማይ የበረታው ኢጣልያ ሆነ፤ በርካታ ግላዲያተሮች ተመትተው ወደቁ፤ ወጣቶች አብራሪዎችም ከነርሱ ጋር ሞቱ።

ውድ አንባቢ፤ እነዚያ አውሮፕላኖች ዛሬ የት አሉ? በጦርነት የወደቀውን ነገር ጊዜ ይበላዋል። የቆላው ፀሐይ ሸራውን ያነደዋል፤ የክረምቱ ዝናብ ብረቱን ያዝገዋል፤ እንጨቱንም ምስጥ ይጨርሰዋል። በዚያው ዕለት በመተማ ላይ ቦምብ ከጣሉት መካከል ዌልዝሊ የተባሉት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ነበሩ። አጽማቸው እንደ ቅርጫት የተጠላለፈ፣ በ1938 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከግብፅ እስከ አውስትራሊያ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ሳያርፉ በመብረር የዓለምን ክብረ ወሰን የያዙ ነበሩ። ከ170 በላይ ተሠርተው ሳለ ዛሬ አንድ እንኳ ሙሉ ዌልዝሊ በዓለም ላይ አይገኝም። ያጠፋቸው የጠላት ጥይት ብቻ አይደለም፤ በጊዜው «ይህ ለልጅ ልጅ ይቀመጥ» የሚል ሰው መጥፋቱም ነው።

የሌላውን ዕድል ደግሞ እንመልከት። ከመተማው ውጊያ በኋላ በአምስተኛው ቀን አንድ ፊያት ሲ.አር. 42 በእንግሊዝ አገር በባሕር ዳርቻ ላይ ተገድዶ አረፈ። የጠላት አውሮፕላን ቢሆንም አልተቆራረጠም፤ ዛሬ በእንግሊዝ ንጉሣዊ አየር ኃይል ቤተ መዘክር ውስጥ ቆሞ ይታያል። ግላዲያተር በተሠራበት በግሎስተር አውራጃም ጄት ኤጅ የሚባል ቤተ መዘክር አለ። የሚያስተዳድሩትና የሚያገለግሉበት ሰዎች ያለ ደመወዝ በፈቃዳቸው የሚሠሩ ናቸው። ከኖርዌይ የተገኘውን የአንድ ግላዲያተር ስብርባሪ እየለቀሙና እየገጣጠሙ መልሰው ለማቆም ብዙ ዓመታት ደክመዋል።

በእንደዚህ ያሉ ስፍራዎች የሚሠራው ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ አቧራ መጥረግና ብረት መወልወል ነውና። በውስጡ ግን ታላቅ ጥንቃቄ አለበት። አቧራ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበትም ዝገት ይወልዳል። ወፍ በክንፉ ላይ የጣለችው ኩስ ቀለሙን ይበላል፤ አይጥም በሸራው ውስጥ ጎጆ ይሠራል። ስለዚህ አገልጋዩ ለስላሳ ጨርቅና ብሩሽ ይዞ ከላይ ወደ ታች በቀስታ ይጠርጋል፤ የነካውንና ያየውን ሁሉ በመዝገብ ይጽፋል። የድሮ መቆጣጠሪያ ሰዓቶችን ግን እንዲሁ አይከፍትም፤ በጨለማ እንዲያበሩ የተቀቡት ራዲየም ጤናን የሚጎዳ ነውና።

ከሁሉም የሚከብደው እጅን መግታት ነው። የብዙ አውሮፕላኖች የአሉሚኒየም ገላ ከዝገት የሚጠብቀው እጅግ ስስ የሆነ ንጹሕ ሽፋን አለው። ያለ ልክ የወለወለ ሰው ያን ሽፋን ያነሣዋል፤ አውሮፕላኑም ለጥቂት ጊዜ እንደ መስታወት አብርቶ በኋላ ይበሰብሳል። የጥንቱ ቀለም ከተፋቀ ደግሞ በላዩ የነበረው ቁጥርና ምልክት አብሮ ይጠፋል። የቤተ ክርስቲያናችንን የዕቃ ቤት ጠባቂ የሚያውቅ ይህን ፈጥኖ ያስተውለዋል። የብራናውን መጽሐፍ በማኅደሩ ያኖረዋል እንጂ አያጥበውም፤ የጥንቱን ሥዕል «ላሳምር» ብሎ በአዲስ ቀለም የሸፈነ ሰው ግን የአባቶችን እጅ አጠፋ።

ይህ ነገር እኛንም በቅርብ የሚመለከት ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን በአዲስ አበባ ምድር ያረፈው በነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ከዚያም ብዙ ሳይቆይ፣ በ1935 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በአገራችን አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። ስሟም በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለ። ልዕልቲቱ በነርስነት ሠልጥነው ሕሙማንን ያገለገሉ፣ በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ያረፉ ናቸው። ወራሪው ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜ አውሮፕላኒቱም ተማርካ ወደ ኢጣልያ ተወሰደች፤ ከሮም በስተ ሰሜን በብራቻኖ ሐይቅ ዳር ባለው የኢጣልያ አየር ኃይል ቤተ መዘክርም ለእይታ ቀርባ ኖረች።

በጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ኢጣልያ «ፀሐይ»ን ለኢትዮጵያ ማስረከቧ ለሕዝብ ተገለጸ። ከ80 ዓመት በላይ የቆየ ምርኮ በዚህ ተፈጸመ። በዚህ ደስታ ውስጥ ሳንሸሽግ የምንናገረው አንድ እውነት አለ። የማረካት ወገን በድሏል፤ ነገር ግን በዚያ አገር አቧራዋን የጠረጉ እጆች ባይኖሩ ኖሮ የሚመለስ ነገር ባልኖረ ነበር። ዛሬ ጥበቃው ወደ እኛ እጅ ተላልፏል። እንግዲህ «መልሱልን» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃንም፤ ደግሞም የመንግሥት ሠራተኛ ብቻውን የሚወጣው ሥራ አይደለም። ጡረታ የወጡ መካኒኮችና ተማሪዎች ከጠባቂዎቹ ሥርዓቱን እየተማሩ ቢያግዙ፣ የሽማግሌው እውቀትም ከልጁ ጉልበት ጋር ይገናኛል።

ትምህርቱም ከቤት ይጀመር። በሣጥን ውስጥ ያለውን የአያት ፎቶግራፍ አውጡ፤ በጀርባው የሰዎቹን ስምና ዓመተ ምሕረቱን በእርሳስ በቀስታ ጻፉ፤ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁም ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት። የአርበኛው ኒሻን ቢደበዝዝ በአመድና በአሸዋ አትፈትጉት፤ በለስላሳ ጨርቅ አቧራውን አንሡለት እንጂ። ይህንንም ልጆቻችሁ እያዩ አድርጉት፤ «ይህ የማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ታሪኩን ንገሯቸው።