የልብን ማገዶ የሚያዳምጠው ኮይል

ልብ ደከመ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የተዘጋ የደም ስር ወይም የላላ ጡንቻ ነው። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፤ ይህ ጡንቻ ምን እየበላ ነው? ልብ ቀንም ሌሊትም ስለማያርፍ ማገዶው ለአፍታ ሊቋረጥበት አይችልም። በጾም ሰዓት አብዛኛውን ጉልበት ከስብ ያገኛል፤ ከበላን በኋላ ወደ ስኳር ያደላል። እ.ኤ.አ. በ1997 የጀርመን ሐኪሞች ያሳተሙት ጥናት፣ ልባቸው ሰፍቶ ከደከመ ሕመምተኞች መካከል የጡንቻው የጉልበት ክምችት ዝቅ ያለባቸው ለሞት ይበልጥ የቀረቡ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ የተለካው ደረት ሳይከፈት፣ ከውጭ በተቀመጠ ኮይል ነው።

ለመሆኑ ኮይል ምንድን ነው? ቀለል አድርገን ካየነው የመዳብ ቀለበትና ካፓሲተር ነው። ሬዲዮናችሁ ጣቢያ የሚይዘውም በዚሁ ዘዴ ነው። በኤም አር አይ ማግኔት ውስጥ እያንዳንዱ የአቶም ዓይነት የራሱ ጣቢያ አለው። በ3 ቴስላ ማግኔት ሃይድሮጅን 128 ሜጋኸርዝ ገደማ ላይ ይገኛል፤ ከኤፍ ኤም ጥቂት ከፍ ብሎ ማለት ነው። ፎስፈረስ 52 ገደማ፣ ካርቦን-13 ደግሞ 32 ገደማ ላይ ናቸው። የሆስፒታሉ መደበኛ ኮይል የተቃኘው ለሃይድሮጅን ስለሆነ የልብን ቅርጽ ያሳያል እንጂ ማገዶውን አይሰማም።

ካርቦን-13 ደግሞ ድምፁ እጅግ ደካማ ነው፤ ከመቶ የካርቦን አቶሞች አንዱ ገደማ ብቻ እንዲህ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዎች በካርቦን-13 የተሞላ ንጥረ ነገርን እጅግ አቀዝቅዘው፣ በማይክሮዌቭ አነቃቅተው፣ ድንገት በማሟሟት ድምፁን ከ10,000 ጊዜ በላይ አጎሉት። እ.ኤ.አ. በ2016 በካናዳ፣ ቶሮንቶ፣ በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ፓይሩቬት በሰው ልብ ውስጥ ሲለወጥ ታየ። ችግሩ ድምፁ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ መጥፋቱ ነው። በተለመደው ኤም አር አይ ደካማውን ድምፅ ደጋግሞ በመለካት ማጥራት ይቻላል፤ እዚህ ግን ኮይሉ በመጀመሪያው መስማት አለበት።

የመሐንዲሱ ፈተና የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቀለበቱ ትንሽ ከሆነ የፊቱን የልብ ግድግዳ ጥሩ አድርጎ ይሰማል፣ የኋለኛውን ግን አይደርስበትም። ትልቅ ከሆነ ይደርሳል፣ ነገር ግን የደረትንና የጉበትን ጫጫታ ሁሉ አብሮ ይሰበስባል። መፍትሔው ብዙ ትናንሽ ቀለበቶችን ደርድሮ ጎረቤታሞቹን በልክ ማደራረብ ነው፤ መደራረቡ ልኩን ከሳተ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይሰርቃል። እንዲያም ሆኖ ቀለበቱን እያሳነሱ መሄድ አይቻልም። በ32 ሜጋኸርዝ የሰውነት ጫጫታ ስለሚቀንስ የመዳቡ የራሱ ጫጫታ ጎልቶ ይወጣል። (ይህን የዘነጋ ሰው ያማረ ነገር ግን ጆሮው የደነቆረ ኮይል ይሠራል።) ደግሞም ማሽኑ ሞገድ በሚልክበት ቅጽበት አድማጭ ቀለበቶቹ ከቅኝት መውጣት አለባቸው፤ አለዚያ ሞገዱ በውስጣቸው ኃይለኛ ጅረት ፈጥሮ የታካሚውን ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል።

ለጾመኛም የሚነካ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከኦክስፎርድ የወጣ ጥናት የስኳር ሕመምተኞችንና ጤነኞችን ጾመው ሳሉ፣ ከዚያም 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥተው መረመረ። ግሉኮሱ ከተጠጣ በኋላ ልብ ፓይሩቬትን ማቃጠሉን የሚያመለክተው ባይካርቦኔት ጨመረ፤ በስኳር ሕመምተኞቹ ልብ ግን ከጤነኞቹ ያነሰ ነበር። ስለዚህ የጾመን ሰው ውጤት ከበላ ሰው ጋር ማነጻጸር ያሳስታል፤ ተመርማሪው መቼ እንደበላ መናገር አለበት። የካርቦኑ ምርመራ ገና በምርምር ላይ ያለ ነው፤ ሐኪም የልብ ኤም አር አይ ሲያዝላችሁ ይህን ማለቱ አይደለም።